አራት ራጅ በአንድ ስልክ

«ላም ናት የረገጠቻት» አለች ፈንታነሽ፣ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ደረቷን ደግፋ፣ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ስታልባት ነው። ያች ቀይ ላም ድሮም ክፉ ናት፤ እኔንም አንድ ቀን ልትወጋኝ ብላ እመቤቴ ናት ያወጣችኝ።» እነ ፈንታነሽ ቤት ላም የለም። ላም ቀርቶ ዶሮ የለም፤ ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ፣ በጋፋት መውጫ በኩል፣ ሁለት ክፍል ቤትና አንድ የእህል መጋዘን ነው ያላቸው። ላሟ ግን ከአፏ ስትወጣ ቀለሟ፣ አመሏ፣ የጥጃዋ እድሜ ሳይቀር ተሟልቶ ነው የወጣው፤ ፈንታነሽ ስትዋሽ በግማሽ አትዋሽም። ከኋላዋ ምራቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ቀኝ ጉንጯ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባዋለች፣ በተነፈሰች ቁጥር ከደረቷ ውስጥ እንደ ተቀደደ ወናፍ ፊሽ የሚል ነገር ይሰማል። ከወረፋው አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ዘንበል ብላ «ኧረ ላሟስ ቡጢ ሳታውቅ አልቀረችም» አለቻት። ሁለቱም አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ፈንታነሽ ሰምታለች። ሌላ ቀን ቢሆን የሴትዮዋን ሰባት ቤት አንስታ ባዋረደቻት፤ ዛሬ ግን ዋጥ አደረገችው።

«ስም?» አለች ከመስኮቱ ወዲያ ያለችው አልማዝ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

እዚህ ላይ ፈንታነሽ ትንሽ ቆም አለች። ስሙስ ሞልቷል፤ ችግሩ የቱ የት እንደዋለ ማስታወሱ ነው። ልጅቱ አባቷ ቤት ማስተዋል ናት፤ በዚህ ስም አምና አንበሳሜ ገበያ የሄዱ ለት ክሊኒክ ገብታለች፣ ያኔ «ከባጃጅ ወድቃ» ነበር። የክርስትና ስሟ ወለተ ኪዳን ነው፤ በሱ ደግሞ ወንዛዬ ፍል ውሃ የወረዱ ጊዜ ሐሙሲት ላይ ታይታለች፣ ያኔ «ድንጋዩ አዳልጧት»። ለአንድ ገላ በየጊዜው አዲስ መውደቂያ መፈለግ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ቦታ የተባለው ከሌላው ቦታ ከተባለው ጋር እንዳይገናኝ ለየክሊኒኩ የየራሱን ስም መስጠት የፈንታነሽ የገዛ ራሷ ብልሃት ናት፤ ማንም አላስተማራትም። የቀረው ሦስተኛው ስም ነው፤ በሰርጉ ማግስት፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ አማት ለምራቷ የምታወጣው። ያን ለት ፈንታነሽ ሙሽራይቱን ግንባሯን ስማ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት «አዲስዓለም ብያታለሁ» ብላ ቤቱን እልል አስብላው ነበር።

«አዲስዓለም» አለች።

«ስልክ?»

ስልኩን እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሏ ነው የምታወርደው፤ ሳትደናቀፍ አወረደችው። እቤት ያለው ስልክ የልጇ የበላይነህ ብቻ ነው። «ሴት ስልክ ይዛ ከማን ጋር ልትንሾካሾክ ነው?» ይላል እሱ፤ ፈንታነሽም «እውነቱን ነው፣ ስንቱን ትዳር ያፈረሰ ስልክ አይደል» ትላለች። ዛሬ ጠዋት የሆነውም በዚያው ስልክ ነው። ማስተዋል መጋዘን ገብታ «ስልክህን ስጠኝ፤ አባቴ ታሟል አሉ፣ ድምፁን ልስማው» አለችው። ሌላ ነገር አልጨመረችም። በላይነህ ጤፍ እየመዘነ ነበር፤ በእጁ የሚዛኑን ብረት፣ ባለ አምስት ኪሎዋን ይዟል። መጀመሪያ በግራው ቡጢ መንገጭላዋን አላት። ስትወድቅ ጎንበስ ብሎ በብረቱ ጎኗን ደገማት፣ ሠለሰባት፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ደጅ ላይ ሽንኩርት ስትልጥ የነበረችው ፈንታነሽ ታዲያ ምን አደረገች? ገባችና የመጋዘኑን በር ከውስጥ ዘጋችው፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። እጁ እስኪዝል ጠብቃም «በቃህ፣ ነፍስ እንዳታጠፋ» አለችው። ደሙን ከጆንያው ላይ በእርጥብ ጨርቅ የጠረገችውም እሷ ናት፤ ጤፍ እንዲህ እሳት በሆነበት ዘመን!

በላይነህ አሁን ግቢው ውስጥ፣ ኮንትራት የያዛት ባጃጅ ላይ ተደግፎ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ትከሻው ሰፊ ነው፣ ኩንታል ብቻውን አንስቶ መኪና ላይ የሚጭን ሰው ነው፤ ጨዋታም ያውቃል፣ ዘበኛው ሙላቴ በቀልዱ ሲስቅ ይሰማል። ካርዱ እንደወጣ ገባና በእናቱና በሚስቱ መሀል ቆመ። «ራጁን ትነሳ፣ ማስታገሻውን ትወጋ፣ ወደ ቤት» አለ። «ከዚያ ጠበል እናስገባታለን።» ወደ ሚስቱ ጆሮ ጎንበስ ሲል ለሚያየው ሰው የሚያጽናናት ነው የሚመስለው። «ትንፍሽ ትይና» አላት በለሆሳስ፣ ፈገግ እንዳለ፣ «ያን ምላስሽን በፒንሳ ነው የምነቅለው።» እጁን ማጅራቷ ላይ አሳርፎ ጨበጥ አደረጋትና ወጣ።

ኮሪደሩ ብርድ ነው። የደብረ ታቦር ንፋስ በተሰበረው መስታወት ገብቶ በዚያኛው በር ይወጣል፣ ግድግዳው ወገቡ ድረስ አረንጓዴ ተቀብቷል፣ አግዳሚው የሰው ቂጥ አለስልሶት ያብረቀርቃል። ፊት ለፊታቸው ትከሻው በመጥረቢያ የተፈለጠ ገበሬ ተቀምጧል፤ የታሰረበት ጋቢ ቀልቶ ጠብ ጠብ ይላል። አጠገቡ ያለው ጎልማሳ ራሱን ደግፎ ይዞታል። ፈንታነሽ አላስቻላትም፤ «ምን ሆኖ ነው ወንድምዓለም?» አለች። «በድንበር ተጣልቶ» አለ ጎልማሳው። «ማን መታው?» «እኔ።» ቢጠየቅ ኖሮ ሰዓቱንም ይናገር ነበር፣ እንዲያ ቀለል አድርጎ ነው ያለው። «ወንድሜ ነው፤ ታዲያ ማን ያምጣው?» አለ ደግሞ። ካርድ ክፍል ቀልዳ የነበረችው ሴትዮ ከት ብላ ሳቀች፣ ቁስለኛውም ጭምር ሊስቅ ብሎ አቃሰተ። ፈንታነሽ ወሬው ጣፈጣት። ስለ ድንበሩ፣ ስለ አባታቸው ኑዛዜ፣ ስለ ሁለቱ ሚስቶች ጠየቀች፤ ከሴትዮዋ ጋርም ሽንኩርት ኪሎው የት እንደደረሰ፣ ዘይትማ ስሙም እንደማይነሳ ተጨዋወቱ። በመሀሉ ግን ግራ እጇ ከነጠላው ሥር የምራቷን ጭን እንደቆነጠጠ ነው። ማስተዋል ራሷን ቀና ባደረገች ቁጥር ትቆነጥጣታለች። ሁለቱ ከቤት ከወጡ ጀምሮ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። ሁለት ዓመት በአንድ ጣራ ሥር ኖረው የለመዱት ዝምታ ነው፤ አንዷ በውስጡ ትጠብቃለች፣ አንዷ በውስጡ ትደበቃለች። ልጅቱ አንዴ ብቻ ሳለች። መሀረቧ ላይ የወጣውን ደም ፈንታነሽ አየችና መሀረቡን ቀምታ ጨብጣ ብብቷ ውስጥ ከተተችው።

ራጅ የሚያነሳው ሲሳይ የሚባል ቀጫጫ ልጅ ነው፣ ነጭ ጋዋኑ እጀታው ላይ ሻይ ፈስሶበታል። ፈንታነሽ አብራ ልትገባ ስትል በክንዱ ከለከላት። «እማማ፣ እርስዎ ውጭ ይቆዩ፤ ጨረር ነው።»

«ጨረሩ እኔን አሮጊቷን ምን ያደርገኛል? ከዚህ በኋላ አልወልድ! ምራቴ ብቻዋን ትፈራለች።»

«ግድ የለም፣ እኔ አለሁላት።»

በሩ ተዘጋ። ፈንታነሽ ጆሮዋን ለጠፈችበት። ሲሳይ «እጅሽን ወደ ላይ፣ ቀስ ብለሽ» ሲል ሰማች፤ ከዚያ ጩኸት ሰማች፣ ጠዋት መጋዘን ውስጥ እንኳ ያልሰማችውን ዓይነት። «ሲስተም የለም አሰኚልኝ፣ እመቤቴ» ብላ ጸለየች። መቼም ባንክ ብትሄድ፣ መብራት ልትከፍል ብትሄድ፣ ቀበሌ ብትሄድ «ሲስተም የለም» ነው የሚሏት፤ ዛሬ ቢሏት ምን ነበረበት? ሲሳይ ግን በሩን ከፍቶ ወጣ፤ ማስተዋልን ደግፎ አግዳሚው ላይ አስቀመጣትና «አለቀ፣ ፎቶው ባሕር ዳር ደርሷል» አለ።

«ባሕር ዳር? መንገዱ ትናንት ዝግ ነው ሲሉ አልነበር?»

«በኔትወርክ ነዋ እማማ። ፎቶ የሚያነበው ዋናው ሐኪም እዚያ ነው ያለው። አሁን ሁሉም ክሊኒክ የሚያነሳውን ወደ አንድ ቦታ ነው የሚልከው፤ ከአንበሳሜም፣ ከሐሙሲትም፣ ከዚህም። በሽተኛው የትም ይነሳ የት፣ የድሮው ከአዲሱ ጋር አብሮ ይወጣል። ሰው ራጅ በፌስታል ተሸክሞ መዞር ቀረለት።» ደስ ብሎት ነው የሚያወራው። ፈንታነሽ ግን አንበሳሜና ሐሙሲት ሲባል ደነገጠች። ሦስቱ ስሞች ትዝ አሏትና ትንሽ ረጋች፤ ማስተዋል ሌላ፣ ወለተ ኪዳን ሌላ፣ አዲስዓለም ሌላ፣ ማን ያገናኛቸዋል? ቢሆንም አላመነችም። ምራቷን ብብቷ ሥር ይዛ «ተነሽ፣ በቃን፣ እንሂድ» አለቻት። ማስተዋል አልተነሳችም። ስትጎትታት አግዳሚውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ፣ እንደ ድንጋይ ከበደች። ፈንታነሽ ጭኗን ቆነጠጠች፣ አጠበቀች፣ ጥፍሯ እስኪገባ። ምንም። በዚህ መሀል ዶክተሯ ራሷ በሩን ከፍታ «አዲስዓለም፣ ነይ ግቢ፤ እርስዎም እማማ ይግቡ» አለች።

ዶክተር ሙሉሐብት አጭር ናት፣ ልጅ እግር፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ የምትረሳ። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አልጋ፣ ግሉኮስ የሚንጠለጠልበት ረጅም ብረት፣ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ትልቅ ስክሪን። ስልኳን ድምፁን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣዋለች፣ ከውስጡ የወንድ ድምፅ ይናገራል፤ የባሕር ዳሩ ሐኪም ዶክተር ደጀን ነው። ማስተዋልን አልጋው ላይ አስተኝታ ደረቷን እያዳመጠች «እሺ ደጀን፣ ቀጥል» አለች።

«ሦስት ጎድን ተሰብሯል፤ አንዱ ሳንባዋን ወግቷታል። አየርና ደም እየሞላባት ነው፣ አሁኑኑ ቱቦ ያስፈልጋታል፣ ከዚያ ላኪልኝ። ግን ሙሉ፣ ይችን ልጅ እኔ አውቃታለሁ። ስሟን ተይው፤ ስልኩን እይው። በዚህ ስልክ ሌላም ራጅ አለ። ከፈትሽው?»

ዶክተሯ አንድ ነገር ተጫነች። ስክሪኑ ላይ አጥንቶች ወጡ፣ ነጫጭ፣ በጥቁር ውስጥ። ፈንታነሽ አጥንት የምታውቀው ወጥ ውስጥ ነው፤ የሰው አጥንት፣ ያውም አጠገቧ የተኛ የሰው አጥንት፣ እንዲህ ተሰትሮ አይታ አታውቅም። «የአንበሳሜዋ ማስተዋል» አለ ድምፁ፣ «ክንዷ። ከባጃጅ የወደቀ ሰው እንዲህ አይሰበርም። ይሄ ራሱን ሊከላከል እጁን ወደ ላይ ያነሳ ሰው የሚሰበረው ነው። የሐሙሲቷ ወለተ ኪዳን፣ ብራኳዋ፣ የትከሻዋ አጥንት። ያ ፎቶ ክንዷንም ይዟል፣ የድሮው ስብራት እዚያም ይታያል፣ አንድ ሰው ናቸው። ዛሬ ደግሞ አዲስዓለም፣ ጎኗ፤ የብራኳዋም ስብራት እዚያው ይታያል። ሦስት ስም፣ አንድ አጥንት።» ድምፁ ግን አላበቃም። «አንድ የማይገባኝ አለ። በዚሁ ስልክ አራተኛ አለች። ወለተ ማርያም ትባላለች፣ ስልሳ ዓመት፣ ባለፈው ኅዳር፣ ከመሰላል ወድቃ ይላል። ቀኝ ክንድ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይነት። ይችስ ማን ናት?»

ፈንታነሽ ቀኝ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። ሳታስበው ነው የከተተችው።

ማስተዋል ነጠላዋን ከፊቷ አወረደች። ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያወረደችው። አንዱ ዓይኗ ተደፍኗል፤ በቀረው ዓይኗ መጀመሪያ ስክሪኑን፣ ከዚያ አማቷን አየች። ኅዳር ላይ እሷ እዚህ አልነበረችም። ሌሊት አምልጣ ፋርጣ አባቷ ቤት ገብታ ነበር፣ አልመለስም ብላ። ሽማግሌ ቢሄድ እንቢ፣ ቄስ ቢሄድ እንቢ። በመጨረሻ ፈንታነሽ ራሷ ሄደች፣ ክንዷ በጄሶ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ። «ከመሰላል ወድቄ ነው ልጄ፣ እንደምታይኝ ጎድያለሁ፣ ውሃ እንኳ የሚያቀብለኝ የለም» ብላ የልጅቱ እግር ላይ ወደቀች። ለማንም ያልራራችው ልጅ ለዚያች እጅ ራራችና ተመለሰች። ፈንታነሽም ያን ለት በልቧ «ይኸው፣ ስብራቴ እንኳ ሥራ ሠራ» ብላ ነበር። ወለተ ማርያምም የገዛ የክርስትና ስሟ ናት፤ መሰላል የሚባል ነገርስ እቤታቸው የት አለና! በላይነህ ነው፣ «አንች ነሽ ያስመለጥሻት» ብሎ፣ በበሩ መወርወሪያ ብረት። ፊቷን ሊላት ሲል እጇን አነሳች።

«እማማ» አለች ዶክተሯ፣ መነጽሯን ዓይኗ ላይ አውርዳ፣ «እስኪ ቀኝ እጅዎን ያሳዩኝ።»

ፈንታነሽ አፏን ከፈተች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ምንም አልወጣም፤ ላምም፣ መሰላልም፣ ባጃጅም። ያኔ በሩ ተበረገደ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚያስቆያችሁ?» በላይነህ ነው። ፈገግታው ገና ፊቱ ላይ አለ። ስክሪኑን አየው። ምን እንደሆነ ለመረዳት ብዙ አልፈጀበትም፤ አጥንቱ ሁሉ የእጁ ሥራ ነው፣ ሰው ሥራውን ያውቃል። «ሚስቴ ናት፣ ወደ ቤቷ ትሄዳለች» አለ።

«ወንድሜ፣ ሳንባዋ ተበስቷል፤ ከሄደች ትሞታለች» አለች ዶክተሯ፣ ከአልጋው ፊት ቆማ።

«ትሙታ! የኔው ናት!» የግሉኮሱን ብረት ከመሬት ነቀለው። መጀመሪያ ስክሪኑን ነው ያለው። መስታወቱ ተፈነጠቀ፣ አጥንቶቹ አንድ ጊዜ ብልጭ ብለው ጠፉ። «ይኸው ፎቷችሁ!» ብሎ ደገመው፣ ከጠረጴዛው ላይ እስኪወድቅ፣ ወድቆም በተረከዙ እስኪደቁሰው። ሲሳይ ሮጦ ገብቶ እጁን ሊይዝ ሲል በብረቱ ጫፍ አፉን አለው፤ ልጁ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ተንሸራተተ፣ ጥርስና ደም በመዳፉ ላይ ተፋ። ዶክተሯን በክርኑ ደረቷን ብሎ ጥግ ላይ ጣላት። ከዚያ ሚስቱን በፀጉሯ ይዞ ከአልጋው ጎተታት። ልጅቱ መሬት ላይ ስትወድቅ የተሰበረው ጎኗ ነው ያረፈው፤ ከአፏ የወጣው ጩኸት አልነበረም፣ አረፋ ነበር፣ ቀይ አረፋ።

በዚህ ሁሉ መሀል ጠረጴዛው ሥር የወደቀው ስልክ ይናገራል። «ሙሉ! ሙሉ! ምንድን ነው የተሰበረው? ስክሪን ከሆነ ተዪው፣ ፎቶዎቹ እኔ ጋ ናቸው፣ አራቱም እኔ ጋ ናቸው!» በላይነህ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ እየዞረ ፈለገ። አገኘውና ስልኩን ረገጠው።

ፈንታነሽ ወደ በሩ ሄደች። ልማድ ነው። ሃያ ዓመት አባቱ ሲመታት፣ አሁን ደግሞ ልጁ ሲመታ፣ እጇ ሄዶ የሚይዘው በር ነው፤ ቶሎ ዘጋ አድርጋ፣ ገመና ሸፈን አድርጋ። እጀታውን ያዘችው፣ በቀኝ እጇ፤ ጠማማ ሆኖ በገጠመው፣ ብርድ ሲሆን በሚጠዘጥዛት እጅ። ወደ ራሷ ስትስበው አልሄደላትም፤ የተሰበረ እጅ ጉልበት የለውም። ዞራ አየች። ልጇ ብረቱን ወደ ላይ አንስቷል፣ ምራቷ ደግሞ መሬት ላይ እንደተኛች አንድ እጇን ወደ ላይ አንስታለች፣ ልክ እንደዚያ፣ ልክ ፎቶው ላይ እንዳለው። ፈንታነሽ በሩን ግድግዳው ላይ እስኪላተም ድረስ ወለል አድርጋ በረገደችው።

«ኡኡ! ኡኡ! ያገር ያለህ! ገደላት! ልጄ ገደላት!»

ኡኡታ ሰምቶ የተቀመጠ የደጋ ሰው አይገኝም፤ ቁስለኛ እንኳ ይነሳል። ጮኻም አልቆመችም፤ ተመልሳ ሄዳ ልጇ ጀርባ ላይ ተንጠለጠለችና ባሏት አራት ጥርሶች ጆሮውን ነከሰች። አጥብቃ ነው የነከሰችው፣ ጨው ጨው እስኪላት። በላይነህ ጮኸ፣ ብረቱ ከእጁ ወደቀ፣ እናቱን እንደ ጆንያ ከላዩ አሽቀንጥሮ አልጋው ብረት ላይ ጣላት። ግን ኮሪደሩ ሁሉ ገብቷል። ከሁሉ የቀደመው ያ ወንድሙን በመጥረቢያ የፈለጠው ጎልማሳ ነው፤ ጎንበስ ብሎ በራሱ የበላይነህን ሆድ ገባበት። ሙላቴ ዘበኛው በቆመጡ ጉልበቱን ሰበረው፣ ካርድ ክፍል የቀለደችው ሴትዮ ፀጉሩን ይዛ ተንጠለጠለች፣ ያች ሁሉ ትከሻ መሬት ላይ ተደፋች። «ገመድ!» አለ ሙላቴ። ገመድ የለም። ፈንታነሽ ከወደቀችበት ቁጭ ብላ መቀነቷን ፈታች፣ ረጅም ነው፣ ባለ ጥለት፣ ወረወረችላቸው። «በሱ እሰሩት። ሁለቴ አዙሩት፣ እኔ አውቀዋለሁ፣ አንዴ አይበቃውም።»

በላይነህ ፊቱ ወለሉ ላይ ተጣብቆ፣ ጆሮው እየደማ፣ ቀና ብሎ አያት። «አንች?» አለ። «እማ፣ አንች?»

ፈንታነሽ ፊቷን ወደ ማስተዋል አዞረች።

ዶክተሯ ከጥጉ ተነስታ፣ የራሷን ደረት እንኳ ሳታይ፣ ማስተዋል አጠገብ ተንበረከከች። ጎኗን በስታ ቱቦ አስገባች፤ መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ደም ወጣ፣ የተቀደደው ወናፍ ቀስ በቀስ ድምፁን ቀየረ። ፖሊሶች መጡ። ሲሳይ አፉን በጥጥ ይዞ፣ ባበጠ ከንፈሩ «አምቡላንሱ ተነስቷል፣ መንገዱም ክፍት ነው፣ ባሕር ዳር እየጠበቋት ነው» አለ። ፈንታነሽ የማስተዋልን ጫማና ነጠላ ሰብስባ፣ ቀሚሷ ያለ መቀነት እየተጎተተባት፣ በአልጋው ኋላ ኋላ ሮጠች። ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቷል። በአንድ በኩል አምቡላንሱ በሩን ከፍቷል፤ በሌላው በኩል የፖሊስ ፒካፕ ላይ በላይነህ ታስሮ ተቀምጧል። እሷ ወደ ልጇ ዞር አላለችም፤ አምቡላንሱ ላይ እየተንጠራራች ወጣችና ከምራቷ እግር ሥር ቁጭ አለች። «እኔ አለሁልሽ ልጄ» አለች። «ሾርባም የሚያቀብል፣ ገላም የሚያጥብ ሰው ትፈልጊያለሽ። ከእንግዲህ እኔ አለሁልሽ።»

ማስተዋል አፏ ላይ የተደረገውን የአየር መስጫ በጣቷ ዝቅ አደረገችው። ነርሷ ልትከለክላት ስትል እጇን ገፋችው። መንገጭላዋ አይከፈትም፤ በጥርሷ መሀል ነው የተናገረችው፣ ቀስ ብላ፣ ግን እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«ይውረዱ።»

«ልጄ...»

«ለዚያች እጅ ብዬ ነው የተመለስሁት» አለች ማስተዋል። «ለዚያች እጅዎ ብዬ። አንቱ ግን ማን እንደሰበራት ያውቁ ነበር። ይውረዱልኝ።»

ፈንታነሽ ወረደች። ጫማውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ፣ ነጠላውን አጠፍ አድርጋ አጠገቡ አኑራ፣ ማንም ሳይደግፋት ወረደች። በሩ ተዘጋ፣ መኪናው ሙላቴ በሚጠብቀው በር በኩል ወጥቶ ወደ ባሕር ዳር መንገድ ታጠፈ፣ ጩኸቱ ከተማውን ጨርሶ እስኪጠፋ ቆማ ሰማችው። ምራቷ ቤት አትመለስም፤ ይሄ ገብቷታል። እሷም ብትሆን ቤት የሚባለው የማን እንደሆነ ታውቃለች።

«እማ!» አለ በላይነህ ከፒካፑ ላይ። «ዝም በይ፤ ምንም እንዳትዪ! እኔ ብገባ ማን አለሽ? ከኔ ሌላ ማን ያበላሻል?»

እውነቱን ነው፣ ማንም የላትም። ፈንታነሽ ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደ ፒካፑ ተራመደች። ወጣቱ ፖሊስ ወደ ኋላ የምትወጣ መስሎት እጁን ዘረጋላት። «እናቱ ነዎት? ከፈለጉ ከሱ ጋር...»

«ከፊት አስቀምጠኝ» አለችው።

ከፊት አስቀመጣት። ሁለት ፖሊሶች መሀል፣ ትከሻዋ ትከሻቸውን እየነካ፣ ጠማማ እጇን ጉልበቷ ላይ ከነጠላው ውጭ አውጥታ አስቀመጠች። ሹፌሩ ሞተሩን እያስነሳ «እማማ፣ ጣቢያ ስንደርስ አጠር አድርገው ቃልዎን ይሰጡናል» አላት።

«አጠር?» አለች ፈንታነሽ፣ ምንም ያልሆነች ይመስል ቅንድቧን ሰቅላ። «የሰውን ገመና ቀን ሙሉ ሳወራ ውዬ የራሴን አጠር ላድርገው? ሞቼ ነው! ከሰርጉ ማግስት ነው የምጀምረው፤ እንዲያውም ከአባቱ። ሞተሩን አጥፋው ልጄ፣ ድምፄን ዋጠው።»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋው፤ እሷም ጀመረች።